«በሞቴ» ለውስኪ አይሆንም

(ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የወዳጆች ጨዋታ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ! ኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጥግ ባዶ ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ ውስኪ ነው። የቡና ቤቱን ውስኪ አይደለም። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ የምንቀዳውን ነው። እዚህ መካከል የማይጠጣ ሰው ካለ እንዳይነሳ። ንግግሩ ከጠጪው ይልቅ የሚመለከተው እሱን ነው፣ ቆይቶ ይገባችኋል።

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያለውን ሳሎን ብታዩ ቡፌ የሌለው ጥቂት ነው። ቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም ከማይነካቸው ሲኒዎች ኋላ፣ አንድ ውስኪ ቆሟል። አንዳንዱ ከነካርቶኑ ነው። ወይ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ወይ ለቤት ምርቃት የተሰጠ፣ ወይ ከጥሎሽ የተረፈ። እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ አይከፈትም። ፋሲካ ይመጣል፣ አይከፈትም። «ለትልቅ እንግዳ ነው» ይባላል። ትልቁ እንግዳ የመጣ ቀን ደግሞ ተከፍቶ በአንድ ምሽት ድምጥማጡ ይጠፋል። ወይ ጌጥ ነው፣ ወይ ጎርፍ። መሀል ላይ ያለ ነገር የለም።

እኔ ጥፋቱን ከውስኪው አላየውም። ከግብዣ ወጋችን ነው የማየው። የኛ ግብዣ የተሠራው ለእንጀራ፣ ለጠላና ለጠጅ ነው። ያንኑ ወግ ሳንነካካው ለውስኪ አዋልነው።

ድግስ ላይ የጠላ አሳላፊን አስታውሱ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይዞራል። ብርጭቆው ጎደል ሲል ይሞላል። የእንግዳ ብርጭቆ ባዶውን ከታየ ለባለቤቱ ነውር ነው። እንግዳው «በቃኝ» ይላል። ባለቤቷ «ኧረ በሞቴ!» ትላለች። «ኧረ እውነት በቃኝ።» «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ሦስተኛው ላይ እንግዳው ይረታል። ወጉ ያምራል፣ ምክንያትም አለው። ይሉኝታ ያለበት ሰው የመጀመሪያውን «በቃኝ» ከልቡ አይለውም። ጠግቦም ከሆነ እንጀራ ቢጨመርለት ቢበዛ ሆዱ ይነፋል። ጠላውም ቢሆን ጊዜ ይሰጣል።

ውስኪ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የቤት ጠላ ከቤት ቤት ይለያያል፣ 4 በመቶ አልኮል አለው እንበል። ጠጅ ጠንከር ሲል 10 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የስኮትላንድ ውስኪ በሕጋቸው ከ40 በመቶ በታች ሆኖ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ 30 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ውስጡ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ያንኑ ያህል ከጠላ ለማግኘት 300 ሚሊ ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል። ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ቤታችን እንዴት እንደምንቀዳ እንይ። ጋሽ እከሌ ገብተው ተቀምጠዋል። የውሃ ብርጭቆ ይቀርባል። ጠርሙሱ ይዘነበላል። ቀጂው ስስታም እንዳይባል ግማሽ ድረስ ይለቀዋል። 120 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ጋሽ እከሌ ከአንድ ሊትር በላይ ጠላ በአንድ እጃቸው ይዘዋል ማለት ነው። ገና ምሳ አልቀረበም! ብርጭቆው ጎደል ሲል ደግሞ አሳላፊው ይመጣል። እሳቸው ያንን ለመጨረስ አልመጡም። ግን ይሉኝታ አለ። ሰውነት ያቺን ሁለት ማንኪያ ለማስወገድ ብቻ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ ስታስቡ የምሽቱ መጨረሻ ይታያችኋል።

ይህን ስል ውስኪ ባዕድ ነው፣ አይመለከተንም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ዘመድ ነው። አሠራሩን ስሙት። ገብስ ይነከራል። ይበቅላል። ይደርቃል፣ ይፈጫል። ይሄ ያው ብቅል ነው። በሙቅ ውሃ ይለወሳል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ይብላላል። እስከዚህ ድረስ ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ማስተማር ይችላሉ፣ ጌሾው ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ይወጣል። የኛም አረቄ አውጪዎች አንድ ጊዜ የወጣውን ተራ፣ ተመልሶ የወጣውን ዳግም ይሉታል። አርሲ ነገሌ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ልዩነቱን በአንድ ጉንጭ ይነግሯችኋል። ከጋኑ ሲወጣ ውስኪም እንደ አረቄ ነጭ ነው። መንገዱ የሚለየው እዚያ ጋ ነው። አረቄው እንደወጣ ገበያ ይሄዳል። ስኮትላንዶቹ በኦክ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት ያስቀምጡታል። መልኩንና አብዛኛውን ጣዕሙን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ከበርሜሉ ተንኖ ይጠፋል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። የኛ ሰው ቢሆን የአድባር ነው ይል ነበር።

የጢሱንም ነገር ልንገራችሁ። አይላ የምትባል የስኮትላንድ ደሴት አለች። እዚያ ከሚወጡት ብዙዎቹ፣ ላፍሮይግ፣ ላጋቩሊን፣ አርድቤግ፣ ጢስ ጢስ ይላሉ። ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ቆፍረው በሚያወጡት አፈር መሰል ማገዶ ጢስ ነው። መጀመሪያ የቀመሰው ሰው «ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ?» ይላል። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያደገ አፍንጫ ግን ቶሎ ይለምደዋል። ለእንግዳ በድንገት አታቅርቡት እንጂ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ወደ ቡፌው እንመለስ። ጠርሙሱ ላይ 12 የሚል ቁጥር ካለ፣ ውስጡ ከተደባለቁት ውስኪዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እንኳ በርሜል ውስጥ 12 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። ከበርሜል ወጥቶ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜ መቁጠሩን ያቆማል። ስለዚህ ለልጃችሁ ልደት ገዝታችሁ ለሠርጓ ብታወጡት፣ ያው የ12 ዓመት ነው። የወይን ጠጅ ወሬ ሰምተን ነው ያቆየነው። ቡፌው መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ እንዲያውም ፀሐይ ያበላሸዋል። እንደ ወይን አጋድሞ ማስቀመጥም ስህተት ነው። አልኮሉ ጠንካራ ስለሆነ ቡሹን ይበላዋል። ይቁም።

ጠቆር ያለው ዕድሜው የገፋ ነው የሚባለውንም እርሱት። በስኮትላንድ ሕግ መልኩን ለማስተካከል ካራሜል መጨመር ይፈቀዳል። ዋጋውም ቢሆን የእንግዳ ፍቅር መለኪያ አይደለም። ጆን ዎከር በፈረንጆቹ 1820 ኪልማርኖክ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት የከፈተ ሰው ነበር። የኛ ሰፈር ግሮሰሪ ባለቤቶች ይስሙ! ዛሬ «ብላክ» ወይም «ቀዩ» እያልን የምንጠራቸው የጆኒ ዎከር ስሞች የወጡት በ1909 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ብላኩ 12 ዓመት ተጽፎበታል፣ ቀዩ ዕድሜ የለውም። ቀዩን በአምቦ ውሃ አቅርቦ ጥሩ ጨዋታ ያመጣ ቤት አውቃለሁ። ውዱን አቅርቦ ዋጋውን ሲያወራ ያመሸም አውቃለሁ።

ስለዚህ ይከፈት። በዓል አትጠብቁ። ጥያቄው እንዴት እንቅዳው ነው።

በአረቄ መለኪያ ቅዱ። ገበያ ላይ ሞልቷል። ከሌለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ጨምሩና የት ድረስ እንደሚመጣ እዩት። ብዙ ሰው ሲያየው ይደነግጣል፣ «ይቺ ናት?» ይላል። አዎ፣ ይቺ ናት። 700 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ እንዲህ ከተቀዳ 23 ጊዜ ይቀዳል። ስምንት እንግዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀድቶለት ጠርሙሱ ላይ ገና ይቀራል። ስስታም እባላለሁ ብላችሁ ከሰጋችሁ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። የስስት ወሬ የሚነሳው ጠርሙሱ ተመልሶ ቡፌ ሲገባ ነው። መሀል ላይ ከተቀመጠ፣ የፈለገ ራሱ ይጨምራል። ያልፈለገ ማንም ሳያየው ያልፋል። አሳላፊውን ጡረታ አውጡት።

ብርጭቆው አፉ ጠበብ ቢል ሽታውን ይሰበስባል። ብርሌ ግን አይሆንም፣ አፍንጫ አያስገባም። ሲከፈት የቤቱ ባለቤት ቀድሞ ፉት ይበል። የጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ያቀርብ የለ? ደግ ልማድ ነው፣ ፎርጅድ፣ ማለትም ሐሰተኛ ውስኪ፣ ለመጠርጠርም ትንሽ ይረዳል። ወደሱ እመጣለሁ።

ውሃ መጨመር እንደ ማበላሸት የሚቆጥር ሰው አለ። ተሳስቷል። በፈረንጆቹ 2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውስኪ በውሃ ቀጠን ሲል የጢስ ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ጓያኮል ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። አፍንጫ የሚያገኘው እዚያ ነው። ጠብታ ጨምሩና አሽትቱ። አምቦ ውሃም ይሆናል፣ ማዕድኑ ትንሽ ይጫነዋል እንጂ። እንግሊዞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳይ ወይን ቦታ በተባይ ሲመታና ኮኛክ ሲጠፋ ወደ ውስኪና ሶዳ ነው የዞሩት። አምቦ ያቀላቀለ እንግዳ ባላገር አይደለም። በኮካ ካለም በኮካ ይስጡት። የራሱ አፍ ነው።

በረዶ ላይ ግን ጨካኝ ነኝ። ፍሪጃችሁን ክፈቱ። በረዶው የተሠራበት ፕላስቲክ አጠገቡ ምን አለ? የተከተፈ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ባለፈው የተረፈ ወጥ። በረዶ ሽታ ይስባል። እንግዳው ዝም ብሎ ይጠጣል፣ ግን የሽንኩርት ውስኪ ነው የሚጠጣው። ለእንግዳ የሚሆነውን በረዶ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በዚያው ቀን ሥሩ። ቅዝቃዜው ራሱ ሽታውን ስለሚያፍነው ለጥሩው ውስኪ ባይገባም ደግ ነው።

ከምግብ ጋር? ከዶሮ ወጥ ጋር አልመክርም። በርበሬ የሚያቃጥለው አፍ ውስጥ ሙቀት የሚለየውን ነርቭ ቀስቅሶ ነው። አልኮልም ያንኑ ነርቭ ይነካል። ሁለቱ ሲገናኙ የውስኪው ጣዕም የት እንደገባ አይታወቅም። ምሳው ይነሳ፣ እጅ ይታጠብ፣ ከዚያ ይምጣ። የገብስ ቆሎ አጠገቡ ካለ ሌላ አልፈልግም። ገብስ ከገብስ ይስማማል። ክትፎና ጥብስም ይሄዳሉ፣ ሚጥሚጣው ከቀነሰ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ቤት ደግሞ «ውስኪው ኮሶውን ይገድለዋል» የሚባል ነገር አለ። አይገድለውም። ትሉን የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ለቀናት አጥብቆ ማቀዝቀዝ ነው። ውስኪው ሰውየውን ያሞቀዋል፣ ትሉ ደህና ነው።

ውስኪ ከምግብ ይልቅ ከጨዋታ ጋር ይሄዳል። ጃክ ዳንኤል ከጠረጴዛው ላይ ካለ፣ ያንን ሰው ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ኒረስት ግሪን የተባለ በባርነት ይኖር የነበረ ጥቁር ሰው መሆኑን አንሱ። ኩባንያው ራሱ ይህን በአደባባይ መናገር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ግማሽ ሰዓት ክርክር ይወጣዋል። ግማሽ ሰዓት የተከራከረ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት አልጠጣም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። የማይጠጣው።

ሙስሊም ጎረቤታችን አይጠጣም፣ ማንም አያስቸግረውም። ጴንጤውንም እየለመድነው ነው። ችግር ያለው ሌላው ጋ ነው። መድኃኒት ላይ ያለው። ስኳር ያለበት። አርግዛ ገና ለማንም ያልተናገረችው። ዓርብ ስለሆነ የተወው። ሌሊት የሚነዳው። እና ደግሞ፣ ይሄን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፣ ጠጥቶ ጠጥቶ በስንት መከራ የተወው። እኚህ ሁሉ የሚሉት አንድ ቃል ነው፣ «አልፈልግም»። ከዚያ በላይ ማብራራት ገበናቸውን ማውጣት ነው። እኛ ደግሞ እዚያው ሃያ ሰው ፊት «ምነው? አመመህ እንዴ? በሞቴ ይቺን ብቻ!» እንላለን። መጠጥ የተወ ሰው ይቺን ብቻ የሚባል ነገር የለውም። ይቺን ብቻ ነው የገደለችው። አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ፊቷ ሲለዋወጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጋባዡ ደግ ሰው ነበር። እጁ ላይ ያለው ግን ጉርሻ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ጠይቁ። «ውስኪ አለ፣ ቢራ አለ፣ አምቦ አለ፣ ምን ላምጣ?» ብላችሁ ሁሉንም እኩል አድርጋችሁ ጥሩ። «አምቦ» ካለ አምቦ። በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ በዚያው ትሪ፣ ሎሚ ጣል አድርጋችሁ። ለምን እንዳልጠጣ አትጠይቁ፣ ሌላውም እንዳይጠይቅ ወሬ አዙሩ። የባለቤት ሥራ ይሄ ነው። ሽማግሌ ለምርቃት ሲነሱም አምቦ የያዘው ብርጭቆውን አብሮ ያነሳል፣ ምርቃቱ አይለይም።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ትንሹን ልጅ «ሂድ ከሱቅ ቢራ አምጣ» ማለት ይቅር። በኛ አቆጣጠር በ2011 በወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። ባለሱቁንም ማስቸገር ነው።

ለነጂው፦ ቡና አያሰክንም። ቡናው ያነቃዋል፣ አልኮሉ ግን ደሙ ውስጥ እንዳለ ነው። እንዲያውም የነቃ ሰካራም ደህና ነኝ ይላል። ሦስተኛውን አፍልታችሁ ብታጠጡትም ቁልፉን አትስጡት። ራይድ ወይም ፈረስ ጥሩለት፣ መኪናው ጊቢ ይደር። ነገ ጠዋት ሊወስድ ሲመጣ የተረፈውን ፍርፍር ይበላል።

ከእናንተ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስና ላብቃ።

አንዲት እህት «ፎርጅድ በምን ይለያል?» ብላለች። ከቅምሻ በፊት ክዳኑን እዩ። ማኅተሙ የተነካካ፣ ሌብሉ የተጣመመ፣ ጽሑፉ ውስጥ የፊደል ግድፈት ያለበት፣ ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ የወረደ ከሆነ ተዉት። የሚያስፈራው ጣዕሙ አይደለም። አንዳንዱ ሐሰተኛ መጠጥ ሜታኖል ይገባበታል፣ ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ጠጥቶ በማግስቱ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ካለ ሀንጎቨር ነው ብላችሁ አታስተኙት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሌላው «ተከፍቶ የተረፈው ምን ይሁን?» ይላል። ክዳኑን አጥብቁና ጥላ ቦታ አቁሙት። ከግማሽ በላይ ካለ ለወራት ደህና ነው። ታች ላይ ትንሽ ከቀረ አየሩ ቶሎ ጣዕሙን ይበላዋል፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው እንግዳ አጋሩት። ባዶው ጠርሙስስ? ቆራሌው ጠዋት ሲጮህ የውስኪ ጠርሙስ በደስታ ይወስዳል። ፎርጅድ የሚሞላው እንዲህ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ሌብሉን በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ላጡት፣ ክዳኑንም ጨፍልቁት።